ሳህኑ ሲነሳ፦ ከእህቴ ጋር በሲሸልስ ደሴቶች

ለኛ ለኮልፌ ሰዎች ብዙ ውኃ ማለት የክረምት ጎርፍ ነው። ስለዚህ እኔና እህቴ በመዝናኛ ጀልባ ከደሴት ደሴት ስንዞር ሰነበትን ብዬ ስናገር ሰፈሩ አላመነኝም። ፎቶ አሳየኋቸው። አንዱ ጎረቤቴ ስልኬን ጠጋ አድርጎ አየና «ይሄ ፎቶ ቤት ውስጥ የሚሰቀለው መጋረጃ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ጦር ኃይሎች አጠገብ ካለችው የፍራሽ ሱቄ ድረስ እየመጡ የሚያሾፉብኝም አልጠፉም። እንግዲህ ያመነ ይመን፣ የሆነውን ከነጉዱ ጽፌዋለሁ።

እህቴ እትዬ አስካለ ትባላለች። በዕድሜ ብዙ ትበልጠኛለች፤ እናታችን ቶሎ ስላረፈች ያሳደገችኝም እሷ ናት። አንድ ልጅ አለቻት፣ ሰላም። ሰላም ሲሸልስ ውስጥ ላ ዲግ በምትባል ደሴት ላይ ሆቴል ቤት ትሠራለች። ሆቴሉ ለሀብታም ቱሪስት የሚያከራያቸው ጀልባዎች አሉት። ቱሪስት በሚቀንስበት ወቅት ደግሞ ሠራተኞቹ ለቤተሰባቸው በቅናሽ እንዲከራዩ ይፈቅዳል። ሰላም አንዱን ተከራየችልንና ትኬታችንን ላከች። እሷ ግን እስከ ቅዳሜ ፈቃድ አላገኘችም፤ እስከዚያ ደሴቶቹን እያየን ቀስ ብለን ወደሷ እንድንመጣ ተባለ።

ይህ ለእትዬ የተነገራት ነው። ለኔ የተነገረኝ ሌላ ነው። ከመሄዳችን በፊት ሰላም ለብቻዬ ደወለችልኝ።

«አጎቴ፣ የጀልባው ካፒቴን ማርሴል ይባላል። ልንጋባ እንፈልጋለን።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም። አንተም እንዳትነግራት። ማን እንደሆነ ሳታውቅ ሰውየውን ትየው። ቅዳሜ ስንገናኝ ራሱ ይጠይቃታል።»

«እምቢ ካለችስ?»

«እማዬን አስቀይሜ አላገባም። ሻንጣዬን ይዤ አብሬያችሁ እመለሳለሁ።»

እንዲህ ዓይነት ምስጢር ለኔ መስጠት እሳት ለሕፃን እንደመስጠት ነው። ቢሆንም ቃል ገባሁ።

ሰኞ

አውሮፕላኑ ውስጥ እትዬ የመስኮቱን ወንበር ይዛ መስኮቱን ዘጋችው። «ከላይ ሆኖ ሰው ቤት ማየት ነውር ነው» አለችኝ። በረራው ከኮልፌ ተነስቶ በሥራ መውጫ ሰዓት ቦሌ ከመድረስ ብዙም አይረዝምም።

ማሄ ደሴት ስንደርስ ፈታሾቹ ቋንጣውን ያለ ርኅራኄ ወሰዱት፤ ሥጋ ማስገባት አይቻልም። ቀጥሎ ፈታሿ ነጩን ዱቄት አገኘች። በሶ ነው። ሴትየዋ ዱቄቱን አየች፣ እትዬን አየች፣ አለቃዋን ጠራች። እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስለ ገብስ ማስረዳት ስጀምር እትዬ ትዕግሥቷ አለቀ። አንድ እፍኝ ዘግና ቃመች። ከዚያ ለፈታሿም ዘገነችላት። ሴትየዋ በአክብሮት አልፈልግም አለች፣ እትዬ «በሞቴ» አለች፣ ሴትየዋ እንደገና አልፈልግም አለች፣ እትዬ ወደ አፏ አስጠጋችላት። በመጨረሻ ጉምሩክ አካባቢ የቆመ ሰው ሁሉ እየሳቀ አለፍን። በሶው ተረፈ፤ ደግሞም ጥሩ አደረገ፣ በኋላ እንደምታዩት።

ውጭ ያለው ሙቀት ባኞ ቤት ሙቅ ውኃ ከፍቶ በሩን እንደመዝጋት ነው። አንድ ረዘም ያለ ጠይም ጎልማሳ በባዶ እግሩ ቆሞ ስማችንን የያዘ ካርቶን ከፍ አድርጓል። ማርሴል ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለእትዬ ጎንበስ አለ። እትዬ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ማን ነው ስሙ?»

«ማርሴል።»

«እሱን አፌ አይዝልኝም። ማርቆስ ብዬዋለሁ።»

ጀልባዋ ሁለት ሆድ ያላት ነጭ ባለ ሸራ ናት። ወደሷ የምታሻግር ሳንቃ አለች፤ ከሳንቃዋ በፊት ደግሞ ጫማ የሚወልቅበት ቅርጫት። እትዬ ጫማ እንደሚወለቅ ስታይ ደስ አላት፣ አማተበችና በቀኝ እግሯ ገባች።

ማታ ማርሴል በኮኮናት ወጥ የተሠራ ዓሣ ይዞ መጣ። ሽታው ብቻ ያጠግባል። በመጀመሪያ ለእትዬ አቀረበ። እትዬ ከማለዳ ጀምሮ ከዚያች እፍኝ በሶ በቀር የቀመሰችው የለም። እንግሊዝኛዋ ደግሞ ሁለት ቃል ነው፣ ከሰላም በስልክ የተማረችው። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አደረገችና በጨዋ ደንብ «ኖ፣ ታንኪው» አለች።

ማርሴል ጎንበስ ብሎ ሳህኑን ወሰደው።

እትዬ እንደሚመለስ ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። እኛ ቤት እንግዳ «አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» ሲል ምን እንደሚከተል ማንም ያውቃል፤ ልመናው፣ «እኔን» ማለቱ፣ «ካልበላህ እቀየማለሁ» ማለቱ፣ በግድ ማጉረሱ። ማርሴል ግን ሳህኑን በክዳን ሸፍኖ አስቀመጠና የባሕሩን ካርታ ዘርግቶ ማየት ጀመረ። እኔ አንዴ ስጠየቅ «የስ» ብዬ ስለነበር ሁለተኛ እየጨመርኩ ነው።

«ታዴ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ሳህኑን አነሳው እንዴ?»

«አነሳው እትዬ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እኔም ሳቄን በዓሣው ዋጥኩት።

ማክሰኞ

ጠዋት ወደ ፕራስሊን ደሴት ሸራ ዘረጋን። ባሕሩ ተነስቶ ነበር። ጀልባዋ እንደ ተጣደፈ ሚኒባስ ከወዲያ ወዲህ ትወረወራለች፤ ልዩነቱ የሚሰደብ ረዳት የለም። እትዬ ፊቷ አመድ መሰለ። ማርያምን ጠራች፣ ሚካኤልን ጠራች፣ በመጨረሻ ብድግ አለችና በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች፦

«ወራጅ አለ!»

«እትዬ፣ እዚህ ፌርማታ የለም።»

«አውርደኝ አልኩህ!»

ማርሴል ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ስነግረው አልሳቀም። መሪውን ለኔ ሰጠኝ። አዎ፣ ለፍራሽ ነጋዴ! ወደ ወጥ ቤቱ ወርዶ ዝንጅብል ቀቅሎ አመጣላት፤ ለመድኃኒት ስለሆነ እሺ ወይ ብሎ ሳይጠይቅ እጇ ላይ አስያዛት፤ አጠገቧ ተቀምጦም ዓይኗን ከሩቁ ተራራ ላይ እንዳታነሳ በእጁ እያመለከተ አጽናናት። እሷ እስክትረጋጋ ድረስ ጀልባዋን የነዳሁት እኔ ነኝ። ወዴት እንደነዳኋት ባታውቁ ይሻላል፤ በኋላ ማርሴል አቅጣጫችንን ሲያስተካክል ፕራስሊን ከጀርባችን ተገኘች።

ጸጥ ያለ ጥግ ስንደርስ መልህቅ ጣልን። ምሳ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ነበር። ሳህኑ ቀረበ። «ኖ፣ ታንኪው።» ሳህኑ ተነሳ። እትዬ ወደ ባሕሩ ዞረች። ዓይኗ ግን ሳህኑን እስከ ወጥ ቤት ሸኘው።

ነገሩ እስከዚያ ያስቀኝ ነበር። ከዚያ ግን ቅዳሜ ትዝ አለችኝ። ይቺ ሴትዮ ሰውን የምትመዝነው እንግዳ ሲቀበል አይታ ነው። የአንድ ዘመዳችንን ሠርግ እስከ ዛሬ የምታነሳው «ሁለተኛ እንጀራ ያላነሳልን» እያለች ነው። የእህቴ ልጅ ትዳር የሚወሰነው በነዚህ ሳህኖች ላይ እንደሆነ ገባኝ። ማርሴልን ወደ መሪው ወስጄ እንደምንም አስረዳሁት። እኛ አገር «አይ» ማለት ገና መጀመሪያው ነው፣ ሁለቴ ሦስቴ መለመን አለብህ አልኩት።

በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «እኔን ያሳደገችኝ እናቴ ብቻዋን ናት» አለኝ። «ሴት አይ ካለች አንዴ ይበቃል ብላ ነው ያሳደገችኝ። እናትን አይ ካለች በኋላ እንዴት አስገድዳለሁ?»

የሰውየው ጨዋነትና የእህቴ ጨዋነት ፊት ለፊት ተጋጭተው በመካከል የምትራበው እህቴ ናት።

ከሰዓት በኋላ ባኞ ቤት ገብታ ቆየች። ባኞ ቤቱ የልብስ ሳጥን ያህል ጠባብ ነው። ስትወጣ አገጯ ላይ ነጭ ዱቄት አለ።

«በሶ ነው?»

«ዱቄት ነው፤ ለፊት የሚቀቡት» አለችኝ ያለ ምንም እፍረት።

ረቡዕ

ፕራስሊን ላይ በዓለም ትልቁን ኮኮናት የሚያፈሩ ዘንባባዎች የሞሉበት ሸለቆ አለ። ማርሴል ወስዶ አሳየን። ፍሬው ትልቅ መሆኑ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ቅርፁ የሴት ወገብና ከወገብ በታች ነው፣ ቁርጥ! ቱሪስቶቹ ተሰልፈው ፎቶ ይነሳሉ። እትዬ ለጥቂት ጊዜ አፍጥጣ አየችው፣ ከዚያ ነጠላዋን አወለቀችና አለበሰችው። «ምናለ አንድ ጨርቅ ቢያደርጉላት!» የደኑ ጠባቂ መጥቶ ነጠላውን በትሕትና መለሰላት። ማርሴል ሊስቅ ፈልጎ እሷን አየና ተወው።

ረቡዕ ስለሆነ እትዬ ትጾማለች፤ ዓሣም አትነካም። ይህን እኔ ነገርኩት። ምስር በኮኮናት ቀቅሎ አቀረበላት። «ኖ፣ ታንኪው።» ሳህኑ ተነሳ። እኔ አልጾምኩም፤ መንገደኛ ነኝ ብዬ ራሴን ፈታሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፣ እትዬም አስተዋለች። ማርሴል ራሱ ቀኑን ሙሉ ምንም አልበላም።

«ማርቆስ ለምን አይበላም?» አለችኝ።

ጠየቅሁት። እናት ሳትበላ ካፒቴን አይበላም አለ። ተረጎምኩላት። እትዬ ከቦርሳዋ ቆሎ አወጣችና ዘግና ሰጠችው። አንዴ ብቻ ነው ያቀረበችለት፤ ወዲያው በሁለት እጁ ተቀበለ። «የኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ይግደረደር ነበር» አለች፣ ማመስገኗ ይሁን መውቀሷ ሳይገባኝ።

ሐሙስ

ኪዩሪየስ የምትባል ደሴት ላይ ግዙፍ ኤሊዎች እንደ ሰፈር ሽማግሌ ቀስ እያሉ ይንሸራሸራሉ። አንዱ የእትዬን ቀሚስ ጫፍ ይዞ ማኘክ ጀመረ። ሌሎቹ ጎብኚዎች ጮኹ። እትዬ ግን «ተወው፣ እሱም እንደኔ ተርቦ ነው» አለች።

ስንመለስ ድንገት ነፋስ መጣና ነጠላዋን ነጥቆ ባሕር ላይ ጣለው። ያ ነጠላ ሟች ባሏ የገዛላት ነው። እኔ «ወይኔ!» ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ማርሴል ከነሸሚዙ ዘሎ ገባ። ወጥቶ ነጠላውን ጨው በሌለው ውኃ አለቀለቀ፣ ገመድ ላይ አሰጣው፣ ነፋስ እንዳይወስደው አራት ቦታ በመቆንጠጫ ያዘው፣ ሲደርቅም በደንብ አጥፎ አመጣላት። የእትዬ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔም ልቤ ሞቀ፤ በቃ ተሸነፈች አልኩ።

ማታ እራት ቀረበ። አይ አለች። ተነሳ። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ልጁ ደግ ነው፤ መካድ አይገባም» አለች። «ግን እንግዳ አይለምንም። እሱን የምታገባው ልጅ ታሳዝነኛለች፣ ታዴ። እናቷ ልትጠይቃት ስትመጣ ጦሟን አድራ ትመለሳለች።»

ውኃ እየጠጣሁ ነበር፤ ትን አለኝ። ጀርባዬን እየመታች «ቀስ በል» አለችኝ።

ዓርብ

ሌሊቱን አልተኛሁም ማለት ይቻላል። የጠዋቱ ጥፋት ደግሞ የኔ ነው። የጀልባ ሽንት ቤት እንደኛ ቤት በመሳብ አይሠራም፤ እጀታ ይዞ መንፋት ነው። እኔ ወደ ተሳሳተው በኩል ነፍቼ ባሕሩን ወደ ውስጥ አስገባሁት። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውኃ ውስጥ ቆሜ ስጮህ ማርሴል መጥቶ ዘጋውና አብረን በባልዲ ቀዳን። አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። ባኞ ቤቱ ውስጥ ተደብቆ የነበረው በሶ ግን ገንፎ ሆነ።

እትዬ ይህን ስታይ ከልቧ አዘነች። ይሄኔ ነው የመጨረሻ ሙከራዬን ያደረግኩት።

«እትዬ፣ እዚህ አገር አይ ማለት አይ ነው። አንዴ ሲሉሽ የስ በይ። የስ! ቀላል ነው።»

«አንዴ ሲሉኝ?»

«አንዴ ሲሉሽ።»

«ሆዳም ይበሉኝ? ልጄ በምትሠራበት አገር?» አለችኝ። «ስሜን ጠብቄ እራባለሁ።»

ወደ ማምሻው ላ ዲግ ደረስን። ከጀልባዋ ላይ የደሴቷ ሰዎች በብስክሌት ሲያልፉ ይታያል፤ መኪና እምብዛም የለም። ሰላም ከነዚያ መብራቶች ባንዱ ሥር ሥራ ላይ ነች። እትዬ መብራቶቹን ስታይ አመሸች፤ እኔ እሷን።

ቅዳሜ

ሰላም በትንሿ የጎማ ጀልባ መጣች። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔም አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ሰላም እናቷን ደጋግማ እያየች «እማዬ፣ ከስተሻል» አለች። እትዬ «ባሕሩ ነው» ብላ ማርሴልን በጎን አየችው።

ሰላም ምሳ ሠራች። ማርሴል ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፣ ጫማ አድርጓል፣ ሰኞ ከተገናኘን ጀምሮ ጫማ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ሳህኑን እትዬ ፊት አኖረ፣ ግን እንደ ሌላው ቀን «ይበላሉ?» ብሎ አልጠየቀም። ተንበረከከ። ወር ሙሉ ያጠናውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አወጣው፦

«እማማ፣ ልጅዎን ይስጡኝ።»

እትዬ እሱን አየች፣ ሰላምን አየች፣ እኔን አየች። የኔ ዓይን ወደ ሰማይ ሸሸ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት። ፊቷ ላይ መገረም፣ ከዚያ ቁጣ፣ ከዚያ አንድ ነገር አለፈ፤ የነጠላዋን ጫፍ በጣቶቿ ስትዳብስ አየሁ። ያኔ ደስ እንዳላት አወቅሁ። እህቴን አውቃታለሁ፣ ወዳዋለች!

ግን ልጁን አንዴ ሲጠየቅ የሚሰጥ ማን አለ? ለሽማግሌ እንኳ «እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይባላል። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ማለት ልጅቱን ማርከስ ነው። እትዬ ቀና ብላ ተቀመጠች፣ በክብር፣ በደንቡ፦

«ኖ፣ ታንኪው» አለች።

ማርሴል ለጥቂት ጊዜ እንደተንበረከከ ቀረ። ከዚያ ተነሳ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ሳህኑንም እንደ ልማዱ አነሳው። ለሰላም በቋንቋቸው ቀስ ብሎ አንድ ነገር አላት፤ ከናትሽ ጋር ብቻችሁን ልተዋችሁ ማለቱ ነበር። ወደ ጎማዋ ጀልባ ወረደ፣ ገመዱን ፈታ። ሰላም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

እትዬ ግን ገና እየጠበቀች ነው። ሁለተኛው ጥያቄ እስኪመጣ አንገቷን ቀና አድርጋ። የሞተር ድምፅ ሲነሳ ደነገጠች።

«የት ነው የሚሄደው?»

«ሳህኑን አነሳው፣ እትዬ» አልኳት።

እንዲያ ስትሆን አይቻት አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ምሰሶ ሳትይዝ መቆም ያቃታት ሴትዮ ብድግ ብላ እስከ ጀልባዋ ጫፍ ሮጠች። ነጠላዋ ወደቀ፣ አልያዘችውም።

«ማርቆስ!» ጮኸች። «ማርቆስ! የስ! የስ! ሳህኑን መልስ! የስ አልኩህ እኮ!»

የላ ዲግ ወደብ ሰው ሁሉ ዞረ። ሞተሩ ጠፋ። ማርሴል አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንድ እጁ ሳህን ይዞ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሰላም እየሳቀችና እያለቀሰች እናቷ ላይ ተጠመጠመች።

ሲመለስ እትዬ ሳህኑን ከእጁ ነጥቃ ተቀመጠች። አንዴም ቀና ሳትል በላችው። ሁለተኛ ቀረበላት፣ «የስ» አለች። ሦስተኛውን ራሷ ጠየቀች። ከዚያ አፏን ጠራርጋ ወደ ሰላም ዞረች።

«ደንቡ ግን አይቀርም። ኮልፌ ድረስ ሽማግሌ ይልካል። እኔም ሁለቴ አይ እላለሁ፣ ንገሪው። ሽማግሌዎቹ እንዳይሄዱ! ቁጭ ብለው ይጠብቁ!»

ለኔ ደግሞ ምስጢር ስለያዝኩባት አንድ ጥሩ ኩርኩም ደረሰኝ።

ከተመለስን በኋላ ባንድ እሑድ ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። ዶሮ ወጥ ሠርታ ኖሮ ሽታው ከበር ተቀበለኝ። ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም፣ ሆን ብዬ። ሳህኑን ፊቴ አኖረች። እኔም እንደ ወጉ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ «አይ እትዬ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» አልኩ።

ጎንበስ አለችና ሳህኑን አነሳችው።

«እትዬ!» አልኩ። «የስ! የስ!»

እሷ ግን ወጥ ቤት ደርሳ ክዳኑን ገጥማበት ነበር።